የፌርማታው ሒሳብ፦ መደመርና መቀነስ በአውቶቡስ ጨዋታ

የአውቶቡስ ጨዋታ የአንደኛ ክፍል ልጆች መደመርንና መቀነስን በቡድን ሆነው፣ እየተጫወቱና እየተሟገቱ የሚማሩበት፣ በኔዘርላንድስ የተቀመረ የማስተማሪያ ዘዴ ነው። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሲቆም ሰው ይሳፈራል፣ ሰው ይወርዳል፤ የተሳፈረው ይደመራል፣ የወረደው ይቀነሳል። እስከዚህ ድረስ ብዙ መምህራን በየፊናቸው ሊያስቡት የሚችሉት ነገር ነው። ዘዴውን ልዩ የሚያደርገው፣ ጨዋታው ለደረቅ ትምህርት ማጣፈጫነት ከመጨመር አልፎ የሒሳቡ አጻጻፍ ራሱ ከጨዋታው ውስጥ እንዲወጣ መደረጉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ካመጠቀች ወዲህ ምዕራባውያን አገሮች የሒሳብ ትምህርታቸውን ለማሻሻል ሲጣደፉ፣ በ1960ዎቹ «አዲሱ ሒሳብ» በሚል ስም የተስፋፋው እንቅስቃሴ ገና መቁጠር ለሚለማመዱ ልጆች ሳይቀር የስብስቦችን ጽንሰ ሐሳብ፣ ማለትም ነገሮችን አቧድኖ የአባልነታቸውን ሕግ የሚያጠናውን የሒሳብ ዘርፍ፣ እስከ ማስተማር ደርሶ ነበር። በኔዘርላንድስ በ1968 የተጀመረው ቪስኮባስ የተሰኘው የአንደኛ ደረጃ ፕሮጀክትና በ1971 በዩትሬክት ከተማ የተቋቋመው የሒሳብ ትምህርት ማበልጸጊያ ተቋም ግን ሌላ መንገድ ያዙ። ተቋሙን የመራው ሐንስ ፍሮይደንታል (1905–1990) ጀርመን ተወልዶ ኔዘርላንድስ የኖረ የሒሳብ ሊቅ ሲሆን፣ ሒሳብ የሰው ልጅ የሚሠራው ሥራ ስለሆነ ልጁም አልቆ የተዘጋጀውን ከሚቀበል ይልቅ በመምህር እየተመራ ራሱ እንደገና ሊደርስበት ይገባል ብሎ ያምን ነበር። ከአውቶቡሱ ጨዋታ ጋር ስሙ የሚነሣው ደግሞ የዚያው ተቋም ተመራማሪ ያን ፋን ደን ብሪንክ ነው።

ጨዋታው የሚጠይቀው ዕቃ ጥቂት ወንበሮችና አንድ የሹፌር ኮፍያ ብቻ ነው። ወንበሮቹ እንደ አውቶቡስ በሁለት ረድፍ ይደረደራሉ፣ አንድ ልጅ ይሾፍራል፣ ሌሎቹ በክፍሉ ጥግ በተመረጠው ፌርማታ ተራቸውን ይጠብቃሉ። አምስት ተሳፋሪ ይዞ የመጣው አውቶቡስ ሦስት ሰው ሲያሳፍር መምህርቷ «አሁን ስንት ሰው ተሳፍሯል?» ብላ ትጠይቃለች። አንዱ ልጅ ሁሉንም ከአንድ ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጥራል፤ ሌላዋ አምስቱን እንዳሉ ትታ «ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት» ትላለች፤ ሦስተኛው ዘጠኝ ብሎ ድርቅ ሊል ይችላል፣ ሹፌሩንም ቆጥሮታልና። ይህ የመጨረሻው ክርክር በችኮላ ሊዘጋ አይገባውም፤ ከመቁጠር በፊት የሚቆጠረው ምን እንደሆነ መወሰን እንዳለበት ልጆቹ የሚስማሙት በእንዲህ ያለው ሙግት ነው። ከአንድ ጀምሮ ይቆጥር የነበረውም የጓደኛውን አቋራጭ ዓይቶ በሚቀጥለው ፌርማታ ይሞክረዋል።

የዘዴው ዋና ብልሃት የሚታየው ጉዞው ወደ ጥቁር ሰሌዳ ሲሸጋገር ነው። አውቶቡሱ በአምስት ተሳፋሪ ተነሥቶ በመጀመሪያው ፌርማታ ሦስት ቢያሳፍር፣ በሁለተኛው ሁለት ቢያወርድ፣ ልጆች ታሪኩን በተለመደው ምልክት ሲጽፉ ብዙ ጊዜ 5 + 3 = 8 − 2 = 6 ይላሉ። የመጨረሻው ቁጥር ልክ ነው፤ ጽሑፉ ግን ስሕተት ነው፣ ምክንያቱም የእኩል ምልክት በግራና በቀኙ ያሉት አንድ ዋጋ እንዳላቸው ስለሚናገር፣ ከላይ የተጻፈው ስምንት ከስድስት ጋር እኩል ነው እንደ ማለት ይሆናል። ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ1557 ያስተዋወቀው የዌልስ ተወላጅ ሮበርት ሬኮርድ ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነርሱ የበለጠ እኩል የሆነ ነገር አይገኝም ብሎ ነበር። ልጅ ግን ምልክቱን «መልሱ ይኸውና» እንደሚል ትእዛዝ ያነበዋል፣ ይህም አነባበብ ሳይታረም ከቀረ፣ በኋላ በአልጀብራ ያስቸግረዋል። ስለዚህ በጨዋታው መጀመሪያ ላይ የእኩል ምልክት ጨርሶ አይጻፍም። ቁጥር ያዘለ አውቶቡስ ይሣላል፣ ከእሱ ቀጥሎ ቀስት ይዘረጋል፣ ከቀስቱ በላይ ፌርማታው ላይ የሆነው ይጻፋል፦ አምስት፣ ሲደመር ሦስት የሚል ቀስት፣ ስምንት፣ ሲቀነስ ሁለት የሚል ቀስት፣ ስድስት። ቀስቱ ለውጥን እንጂ እኩልነትን ስለማይናገር ልጆቹ የጻፉት ሁሉ እውነት ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ መምህርቷ አንዱን ፌርማታ በወረቀት ትሸፍነዋለች። ከፌርማታው በፊት ስድስት፣ ከፌርማታው በኋላ ዘጠኝ ተሳፋሪ ታይቷል፤ እዚያ ምን ሆነ? «ሦስት ሰው ተሳፈረ» የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል። ከቡድኑ አንዱ ግን አንድ ወርዶ አራት ተሳፍሮ ሊሆን ይችላል ይላል፣ ሌላውም ሁለት ወርደው አምስት ተሳፍረው ይላል፣ በዚህ ጊዜ ነው ጥያቄው የአንድ ልጅ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የቡድን ሥራ የሚሆነው። መልሶቹን በቅደም ተከተል የደረደረ ቡድን፣ የሚወርደው በአንድ በጨመረ ቁጥር የሚሳፈረውም በአንድ እንደሚጨምር ያያል፤ ከስድስት በላይ ግን ሊወርድ አይችልም፣ አውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት ስድስት ብቻ ናቸውና። እንግዲህ የሚወርዱት ከ0 እስከ 6 ስለሚሆኑ መልሶቹ ሰባት ናቸው፣ አይጨምሩም አይቀንሱም፤ መልሶችን ሁሉ አግኝቶ ሌላ እንደሌለ ማስረዳት ደግሞ ለዚህ ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው።

ጨዋታው ጉድለትም አለው። መቀነስ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው ካለው ላይ ማንሣት፣ ሁለተኛው በሁለት ብዛቶች መካከል ያለውን ልዩነት መፈለግ ሲሆን፣ ተራው አውቶቡስ የሚያሳየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው ባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ነው፤ የኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጇ ካትሪን ፎስኖት ከዩትሬክቱ ተቋም ማርተን ዶልክ ጋር በመተባበር ባስፋፋችው ሥራ ውስጥ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ሆኖ ይገኛል። መሣሪያው አድሪ ትሬፈርስ የቀረጸው ሬከንሬክ፣ ማለትም በሁለት ዘንግ ላይ አሥር አሥር ዶቃ የተሰካበት፣ በየዘንጉም አምስቱ ቀይ አምስቱ ነጭ የሆነ መቁጠሪያ ነው። የላይኛው ዘንግ የላይኛው ፎቅ ይሆናል። ላይ ስድስት፣ ታች ሰባት ሰው ሲቀመጥ፣ ልጁ ሁለቱን ቀይ አምስቶች ባንድ ዓይን አሥር ብሎ ያነብና የቀሩትን ሦስት ነጮች ጨምሮ አሥራ ሦስት ይላል፤ ታችኛው በስንት እንደሚበልጥ ሲጠየቅም አንዲቷን ትርፍ ዶቃ ይጠቁማል፣ ልዩነት ማለት እሷ ናት። አንድ ተሳፋሪ ከላይ ወደ ታች ቢዛወር አምስትና ስምንት ይሆናሉ፣ ጠቅላላው ግን አይነቃነቅም።

ዘዴው የሚያዘው ታሪኩ ልጁ በዓይነ ኅሊናው ሊያየው የሚችለው እንዲሆን ነው እንጂ የግድ አውቶቡስ እንዲሆን አይደለም። በዚህ መሠረት ለአዲስ አበባ ልጅ «ወራጅ አለ!» የሚባልበት ሚኒባስ ሳይሻል አይቀርም፤ ረዳቱ የሚመልሰው ዝርዝር ብር ራሱ የመቀነስ ሌላ መልክ ነውና።

አውቶቡሱ ታዲያ ዕድሜ ልክ አይነዳም። በሥዕሉ ላይ መጀመሪያ ጎማው ይቀራል፣ ቀጥሎ መስኮቱ፣ በመጨረሻ ቁጥሩና ቀስቱ ብቻቸውን ይቆማሉ፣ የእኩል ምልክትም በቦታው የሚገባው ያኔ ነው። የተቋሙ ሌላ ተመራማሪ ሌን ስትሬፍላንድ ይህን ሽግግር፣ የአንድ ሁኔታ ምስል የነበረው ነገር የማሰቢያ መሣሪያ የሚሆንበት ብሎ ገልጾታል። መምህርቷ ልጆቹን ከአውቶቡሱ ቶሎ ካወረደቻቸው ባዶ ምልክት ይሸመድዳሉ፤ ዘግይታ ካወረደቻቸው ደግሞ 40 ሲቀነስ 17ን በተሳፋሪ ሊቆጥሩ ይሞክራሉ። በኔዘርላንድስ ውስጥ ተቋሙ ያራመደው ይህ አካሄድ የተለመደውን የስሌት ልምምድ አዳክሟል የሚል ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶበት፣ ጉዳዩን የመረመረው ንጉሣዊው የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ዘገባ በዚህና በተለመደው አካሄድ መካከል አሳማኝ የውጤት ልዩነት እንዳላገኘ ገልጾ፣ ትኩረቱን ወደ መምህራኑ ብቃት አዙሯል።