የጀልባ ቤት ባትሪ፦ ጋኑ ሙሉ፣ ጠላው ጥቂት

በእንግሊዝ የውሃ ቦዮች ላይ ቤታቸውን በጀልባ ያደረጉ ሰዎች አሉ። ናሮውቦት የሚሉት ይህ ጀልባ ወርዱ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ቢሰፋ በጠባቦቹ የቦይ በሮች አያልፍም። ኮሪደር በምታህለው ቤት ውስጥ አልጋው፣ የከሰል ምድጃው፣ ፍሪጁና መታጠቢያው በሰልፍ ተደርድረዋል። ቋሚ ማረፊያ የሌላቸው ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት፣ በቂ ምክንያት ከሌላቸው በቀር፣ በአንድ ስፍራ ከ14 ቀን በላይ አይቆሙም። ዛሬ እዚህ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያ ለሚያድር ቤት ደግሞ መብራት ኃይል ቆጣሪ አይተክልለትም። አምፖሉም፣ የውሃ ፓምፑም፣ ፍሪጁም የሚያድሩት ሞተሩ አጠገብ በተደረደሩ ሦስት ወይም አራት ባትሪዎች ነው።

እንግዳ ሲመጣ በጀልባው ላይ የተሳሉትን ጽጌረዳዎችና ግንቦች ያደንቃል፤ የምድጃውን ሙቀት ያወድሳል። ባትሪዎቹን “እንደምን ከረማችሁ?” የሚላቸው የለም። የሚታወሱት አንድ ሌሊት ፓምፑ አቃስቶ ዝም ሲል ነው።

ሞተር የሚያስነሳው ባትሪ ሌላ፣ የቤቱ ባትሪ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ይሰጥና ያርፋል፤ ሁለተኛው ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ ይቀዳል። በሁለቱም ውስጥ ግን በብዛት ያለው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው ነገር ነው፦ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ የተነከሩ የእርሳስ ሳህኖች። ባትሪው ሲሠራ ሳህኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጋገራል፤ ቻርጅ ሲደረግ ይሟሟል። በቶሎ ካልሟሟ ይጠጥራል። የጠጠረውን ደግሞ በቀላሉ የሚመልሰው የለም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በለንደን ሬጀንትስ ቦይ ዳር የተዋወቃቸው አንድ አዛውንት ነዋሪ፣ አራት ባትሪ ከለወጡ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤታቸው በየምሽቱ ይጨልም ጀመር። ባትሪው አልቋል ሲባሉ ቴስተራቸውን አውጥተው ለኩ። “12.7 ቮልት እያለ እንዴት አልቋል ትለኛለህ?”

ይህ ጥያቄ በቦዮቹ ዳር ከሚሰሙት ሁሉ የተለመደው፣ ብዙ ገንዘብ ያስባከነውም ነው። እውነት ነው፣ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባለ12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ 12.7 ገደማ ካሳየ ሞልቷል፤ 12.2 አካባቢ ካሳየ ግማሽ ነው። ጥያቄው የሞላው ምን ያህል ዕቃ ነው የሚለው ነው። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ግማሹ አተላ የሆነ ጋን ከላይ ላየው ሰው እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ሲቀዳ ግን ገና በጥቂት ጣሳ ይደፈርሳል። ቴስተር የሚያየው የጋኑን አፍ ነው። የጠጠረው ሰልፌት አተላው ነው፤ ስለ እሱ ቮልት ምንም አይናገርም። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ኢንቨርተሩን በእርሳስ ባትሪ የሚያስነሳ ሰውም የሚሸወደው በዚሁ ነው።

አተላውን በእርግጥ ለማወቅ ከመቅዳት የተሻለ ዘዴ የለም። 110 አምፔር ሰዓት ተብሎ የተሸጠ ባትሪ ቁጥሩ የሚሰላው በ20 ሰዓት ነው፤ ማለትም 5.5 አምፔር እየሰጠ 20 ሰዓት ይቆያል። እንግዲህ ባትሪውን ሞልቶ፣ አሳርፎ፣ 5.5 አምፔር ያህል የሚበሉ አምፖሎችን አብርቶ ሰዓት መያዝ ነው። ጤነኛው 10 ሰዓት ሠርቶ ሲያርፍ 12.2 ላይ ይገኛል። የአዛውንቱ ባትሪዎች ተራ በተራ ሲሞከሩ እዚያ የደረሱት በ3 ሰዓት ውስጥ ነበር። የ110 ዋጋ የተከፈለበት ጋን የሚይዘው 33 ብቻ ሆኗል።

ገዳዩ እርጅና አልነበረም፤ ረሃብ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞው ባትሪዎቹን በፍጥነት ያጎርሳል፤ እስከ 80 በመቶ ድረስ ሥራው ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ ባትሪው ራሱ መዋጥ ያቅተዋል። ቮልቱ 14.4 አካባቢ ቆሞ አምፔሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ የመጨረሻዋ 20 በመቶ ብዙ ሰዓት ትበላለች፣ ዲናሞው የፈለገውን ያህል ቢተልቅም አትቸኩልም። አዛውንቱ በየምሽቱ ለአንድ ሰዓት ሞተር አስነስተው “ሞላ” ብለው ያጠፉ ነበር። በታኅሣሥ የእንግሊዝ ፀሐይ ከጣሪያው ሶላር ላይ ይህ ነው የሚባል ነገር አትሰጥም። ባትሪዎቹ ወራቱን ሙሉ አንድም ቀን ሳይጠግቡ አለፉ ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ ቀን ትንሽ አተላ ወርዷል። ይህን ልማድ ሳይተው አዲስ ባትሪ የሚገዛ ሰው ሻጩን ከማስደሰት ሌላ ያተረፈው የለም።

ጥጋብ የሚታወቀው በቮልት ሳይሆን በአምፔር ነው፤ 14.4 ላይ ሆኖ የሚገባው አምፔር ከጠቅላላው አቅም 1 ወይም 2 በመቶ ሲደርስ። አራት ባለ110 ባትሪ ላለው ቤት ይህ ከ4 እስከ 9 አምፔር ገደማ ነው። አምፔር ቆጣሪ ሳይገዙ ባትሪ መግዛት እንግዲህ ምን ይባላል?

ባትሪ መለወጡ ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ አንዱ ባትሪ 25 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ጎንበስ ብሎ የሚያወጣው ሰው ለወገቡ ያስብ። የጣት ቀለበት ይወልቃል፤ የመፍቻው እጀታ በፕላስተር ይጠቀለላል። መጀመሪያ የሚፈታው ኔጌቲቭ ነው፤ መጨረሻ የሚታሰረውም እሱ። ፖዘቲቩ ቀድሞ ሲፈታ መፍቻው የብረቱን ግድግዳ ከነካ የሚፈነጥቀውን እሳት ያየ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም። ቻርጅ ሲደረግ ከባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጅንም ይፈነዳልና ክፍሉ አየር ይግባበት።

ሦስት አዲስ ከአንድ “ገና ደህና ነው” ከሚባል አሮጌ ጋር ማሰር የቆጣቢ ነን ባዮች ጥፋት ነው፤ አሮጌው ሌሊት ሌሊት የአዲሶቹን ይጠጣል። ሌላው ጥፋት ሁለቱንም ዋና ገመዶች ከአንደኛው ባትሪ ላይ ማሰር ነው። ያኔ የመጀመሪያው ብዙ ይሠራል፣ የመጨረሻው ይተኛል። ፖዘቲቩን ከአንደኛው፣ ኔጌቲቩን ከአራተኛው ቢወስዱት ሁሉም ከሞላ ጎደል እኩል ይለፋሉ። ገመድ ማዛወር ብቻ ነው፤ ግን ስንቱ ጀልባ ላይ እንዳልተደረገ!

ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ይህ የረሃብ በሽታ የለበትም፤ ግማሽ ሆኖ ቢከርም አይከፋውም። ሆኖም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አይደረግም፤ የሰጡትን ሁሉ ስለሚውጥም ያልተዘጋጀ ዲናሞን ሊያቃጥል ይችላል። አሮጌውን አውጥቶ በቦታው የሚተከል ነገር አድርገው የሚሸጡት ሰዎች ይህን ቢናገሩ ምን ነበረበት?

አዛውንቱ የእርሳሱን መረጡ። አሮጌዎቹ አራቱ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ገዢ ሄደው በኪሎ ተመዘኑ፤ እርሳሳቸው ቀልጦ መልሶ ባትሪ ይሆናል። በአዲሶቹ የመጀመሪያ ምሽት ሽማግሌው ሻይ ይዘው አምፔር ቆጣሪው ፊት ተቀመጡ። 40፣ ከዚያ 25፣ ከዚያ 16። በቦዮቹ ደንብ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሞተር ማስጮህ ክልክል ነው። 2 ሰዓት ሲሞላ ቆጣሪው 11 ላይ ነበር። አጉረምርመው ሞተሩን አጠፉት፤ ለነገ ጠዋት 2 ሰዓት የስልካቸውን ደወል ሞሉ።