ዘይት የጠገበው ሴራሚክ መቁረጫ

በእጅ የሚገፋ ሴራሚክ መቁረጫ ከበድ ሲል ከሳይቱ ጥግ የሚሰማው ምክር ሁሌም አንድ ነው፦ «ዘይት አጠጣው!» ከጋራዥ የተለመነ የተቃጠለ ዘይት በፕላስቲክ ጠርሙስ ይመጣል፤ እሱ ከጠፋ ግራሶ በጣት ይለጠፋል። ለግማሽ ቀን ማሽኑ እንደ ልብ ይንሸራተታል። ምክሩን ያስወደደውም ያ ግማሽ ቀን ነው።

ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ብረት ከብረት ሲፋተግ ዘይት ይፈልጋል፤ ሞተር ያለ ዘይት ይነክሳል። ሞተር ግን ዝግ ነው፣ ዘይቱን የሚያጣራ ፊልትሮም አለው። የመቁረጫው ሁለት ዘንጎች ገላጣ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ጭረት የሚነሣው አቧራ እላያቸው ያርፋል። ደረቅ ዘንግ ላይ ያረፈው በጨርቅ ይሄዳል፤ ዘይት ላይ ያረፈው ይጣበቃል። በዚህ አቧራ ውስጥ ደግሞ ኳርትዝ አለ፤ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ የሚቀመጥ፣ ከተራ ብረት የሚጠነክር ማዕድን። ዘይት ከጠገበ ዘንግ ላይ ግራጫውን ጭቃ በጣትዎ አንሥተው ፈተግ ያድርጉት፤ ይቆረቁራል። ተንሸራታቹን በገፉት ቁጥር ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጉት ነው።

ቀስ በቀስ ኩሽኔታው ይላላል፣ ጫሪዋ መንኮራኩር ግራ ቀኝ ትላለች፣ መስመሩ ይወላገዳል። 60 በ60 ፖርሲሊን ከመስመሩ ውጭ ሲሰነጠቅ «ሴራሚኩ ነው የማይረባው» ይባላል። የተሰበረው የሚቀነሰው ግን ከሠራተኛው ሂሳብ እንጂ ከመካሪው ኪስ አይደለም። ይህ ያናድደኛል። በዚያ ላይ የተንጠባጠበው ዘይት የሴራሚኩን ጀርባ ከነካ ማጣበቂያው በደንብ አይዝም።

ዘይት ጭራሽ አይነካው ማለቴ አይደለም። መንኮራኩሯ በምትዞርባት ቀጭን ፒን ላይ አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት ይበቃል፤ ትርፉ ይጠረግ። ዘንጎቹ ማታ ማታ በብሩሽና በደረቅ ጨርቅ ይጽዱ። ማሽኑ ክረምቱን ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ከሆነ ዘይት የነካ ጨርቅ ዝገት ይከላከልለታል፤ ሥራ ሲጀመር ግን ተጠርጎ ይውጣ። በኩሽኔታ የሚሄደውና በፕላስቲክ ቡሽ የሚሄደው ማሽን አንድ ዓይነት እንክብካቤ ስለማይፈልጉ፣ አብሮት የመጣ መመሪያ ካለ እሱን ማመን ይሻላል። ከሌለ እኔ ወደ ደረቁ አደላለሁ። አቧራውን በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር አይንፉት፤ ያው ኳርትዝ ለሳንባም አይመለስም።

«ሁለት ሦስቴ ካልተጫረ አይቆረጥም» የሚሉም አሉ። ይህ ማሽን ድሮም አይቆርጥም፤ አንድ ደካማ መስመር ያበጃል፣ የሚሰብረው መጫኛው ነው። ሁለተኛው ጭረት ጠርዙን ይሸራርፋል፣ መንኮራኩሯንም ይጨርሳል። እሷን በሞረድ መሳልስ? ከተንግስተን ካርባይድ የተሠራች ናት፤ ከዶለዶመች ትቀየራለች። «ውሃ ይርከፍከፍበት» ደግሞ ከኤሌክትሪኩ ማሽን የተቀዳ ልማድ ነው። እዚያ ውሃው የሚሽከረከረውን ዲስክ ያቀዘቅዛል፤ እዚህ የሚግል ነገር ስለሌለ ትርፉ ዝገት ነው።