የነፋስ ኃይልና የሌሊት ወፎች

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚጓዝ ሰው ከተማዋ ሊደርስ ሲል ኮረብታው ላይ የተደረደሩትን ነጫጭ ተርባይኖች ሳያይ አያልፍም። እኔም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ነዳጅ የማይጠይቅ፣ ጭስ የሌለው ኤሌክትሪክ ነውና። ደስታዬን ትንሽ የቀነሰብኝ ስለ ሌሊት ወፎች ያነበብኩት ጉዳይ ነው።

ነገሩ ጎልቶ የወጣው አሜሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች በሚገኝና 44 ተርባይኖች ባሉት አንድ ማመንጫ ሥር ሬሳ የቆጠሩ ባለሙያዎች በብዛት ያገኙት የሌሊት ወፍ ነበር። በዚያ ዓመት የሞቱት ከ2,000 በላይ እንደሚሆኑ ተገመተ። በሰሜን አሜሪካ የሚሞቱት አብዛኞቹ ቀን ዛፍ ላይ የሚውሉና ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ረጅም መንገድ የሚሰደዱ ዝርያዎች ናቸው።

በጨለማ የድምፁን ማሚቶ እየሰማ ትንኝ የሚይዝ ፍጡር ያን የሚያህል ግንብ እንዴት ይስታል? ግንቡንስ አይስትም። ችግሩ ክንፉ ነው። ከሩቅ ዝግ ብሎ የሚዞር የሚመስለን የክንፉ ጫፍ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል። ተርባይኑን እንደ ረጅም ዛፍ ቆጥረው ይጠጉታል የሚሉ አሉ፤ ነፍሳት ስለሚሰበሰቡበት ነው የሚሉም አሉ። የሌሊት ወፍ በዓመት የምትወልደው አንድ ወይም ሁለት በመሆኑ የጠፋው ቶሎ አይተካም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ ከካናዳ እስከ ሜክሲኮ የምትመላለሰው ፀጉረ ሽበታም ዝርያ በ50 ዓመት ውስጥ እስከ 90 በመቶ ልትቀንስ እንደምትችል አስልቷል።

መፍትሔው ግን የሚያስገርም ቀላል ነው። የሌሊት ወፎች በብዛት የሚበሩት ነፋሱ ደከም ባለ ሌሊት ነው። ከነፋስ የሚገኘው ኃይል ደግሞ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ስለዚህ ለወፎቹ አደገኛ የሆነው ሰዓት ለማመንጫው ብዙ ገቢ የሌለበት ሰዓት ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ በ3.5 ሜትር በሰከንድ ነፋስ ማመንጨት ይጀምሩ የነበሩ ተርባይኖች በስደቱ ወራት ሌሊት ከ5 ወይም ከ6.5 ሜትር በታች እንዳይሠሩ ተደረገ። ሞቱ ከ44 እስከ 93 በመቶ ቀነሰ። የታጣው ኃይል በዓመት ቢሰላ 1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው። ይሁንና የአሜሪካ የነፋስ ኃይል ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በፈቃዳቸው የተስማሙት ተርባይኑ ምንም በማያመነጭበት ነፋስ ክንፉ በከንቱ እንዳይዞር ለማድረግ ብቻ ነበር። መጥፎ አይደለም፤ ግን ምንም የማያስከፍለውን ግማሽ መርጠዋል ባይ ነኝ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የአዳማው የመጀመሪያ ምዕራፍ 51 ሜጋ ዋት፣ የአሸጎዳው 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ከአገር አገር የምትሰደደው፣ የዛፍ ዘር እየበተነች የምትበረው ትልቋ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ኢትዮጵያ ውስጥም ትገኛለች። አገራችንም የስደተኛ እንስሳት ጥበቃ ስምምነት አባል ናት። የመጀመሪያው ሥራ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ጎህ ሳይቀድ ተርባይኑ ሥር እየዞሩ ሬሳ መቁጠር ነው። ጎህ ሳይቀድ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእኛ አገር ከቆጣሪው ቀድሞ ጅብ ሊደርስ ይችላል።