የካሴት ድምፅን በመለወጫ አማካኝነት ወደ ዲጂታል ስለማዛወር

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች የሠርግ ሽለላን፣ የአዝማሪ ጨዋታንና ከሩቅ አገር በድምፅ የተላከ ደብዳቤን የያዙ ካሴቶች በሳጥን ውስጥ አኑረዋል። በገበያ የተሸጠ የዘፈን ካሴት ቢበላሽ ሌላ ቅጂ ከአንድ ቦታ ሊገኝ ይችላል። የሟች አያት ድምፅ ያለበት ካሴት ግን ያው አንዱ ብቻ ነው። ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ጋር በመተባበር በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) ባወጣው ማስጠንቀቂያ እንደተመለከተው፣ አደጋው የክሩ ማርጀት ብቻ አይደለም፤ ማጫወቻ መሣሪያውና መለዋወጫው ከገበያ እየጠፉ መሆናቸውም ጭምር ነው።

በካሴት ክር ላይ ድምፁ የተያዘው በማግኔት መልክ ነው። ማጫወቻው ይህንን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይቀይረዋል። መለወጫው ደግሞ ሞገዱን በየሰከንዱ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ፣ በሲዲ ደረጃ 44,100 ጊዜ፣ እየለካ ወደ ቁጥር ይመነዝረዋል። በዚህ ቅጽበት ያልተያዘ ድምፅ ኋላ በየትኛውም የኮምፒውተር ፕሮግራም አይመለስም። ስልክን ከቴፑ ድምፅ ማጉያ ፊት ይዞ መቅዳት የተለመደ ቢሆንም የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የቤቱ ጫጫታ ከአያት ድምፅ ጋር ለዘለቄታው ተቀላቅሎ ይቀራል።

ሥራው የሚጀምረው ከማጫወቻው ነው። ክሩ የሚያልፍበት ሄድ በጥጥና በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል መጠረግ አለበት። አረቄም ሆነ ሽቶ ለዚህ አይሆኑም፤ የመጀመሪያው ውኃ፣ ሁለተኛው ቅባት አለውና። ማጫወቻው ክር እንደማይበላ መጀመሪያ ዋጋ በሌለው ካሴት ይፈተናል። ከዚያም በዋናው ካሴት ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይሰበራሉ። ጥርሶቹ ካልተሰበሩ በስሕተት የተነካ የመቅጃ ቁልፍ የነበረውን ድምፅ ሊደመስስ ይችላል።

ለደጋው ነዋሪ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል። በቀዝቃዛ ክፍል ያደረ ካሴት እሳት ወደሚነድበት ቤት በድንገት ሲገባ ላብ ያወጣል፤ እርጥብ ክርም በሄዱ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ካሴቱ በፌስታል እንደተጠቀለለ ለጥቂት ሰዓታት የክፍሉን ሙቀት እስኪላመድ ይቆያል። ጢስና አመድ ባለበት ክፍልም ሥራውን ማከናወን አይገባም።

የላፕቶፕ የድምፅ ቀዳዳ በአብዛኛው የተሠራው ለማይክሮፎን ነው። የቴፑ ኃይል ለእርሱ ስለሚበዛበት ድምፁ ይሰነጠቃል። መለወጫው የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ በአንድ ወገን ቀይና ነጭ መሰኪያ፣ በሌላው ወገን የዩኤስቢ ገመድ ያለው ትንሽ ሣጥን ነው። ማጫወቻው የመስመር መውጫ ካለው ገመዱ ከዚያ ይያያዛል። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ብቻ ካለው ድምፁ ግማሽ ላይ ተደርጎ ይጀመራል። በኮምፒውተሩ ላይ፣ ለምሳሌ ኦዳሲቲ በተባለው ነጻ ፕሮግራም፣ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ባለው መካከል እንዲውል ይስተካከላል። ዜሮ የነካ ፉከራ ጫፉ ተቆርጦ ይቀራል። የሚያጉረመርም ድምፅ ከተሰማ ላፕቶፑን ከመብራት ነቅሎ በባትሪ ማሠራት ብዙ ጊዜ መፍትሔ ይሆናል።

የ60 ደቂቃ ካሴት ለመቅዳት 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ አቋራጭ የለውም። ፋይሉ ባልተጨመቀው በዋቭ ዓይነት፣ መለወጫው ከፈቀደ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ይቀመጥ። ለአንድ ሰዓት ድምፅ አንድ ጊጋባይት ገደማ ቦታ ይይዛል። ለዘመድ በስልክ የሚላከው አነስተኛ ቅጂ ኋላ ከዚሁ ይወጣል፤ ከትንሹ ግን ትልቁን ማውጣት አይቻልም።

የተገላቢጦሹም ሥራ አለ። የተቀዳውን ድምፅ በተዝካር ወይም በሠርግ ቀን በአሮጌ ማጉያ ለማሰማት ቁጥሩ ወደ ሞገድ መመለስ አለበት። ለዚህ የስልኩ ወይም የኮምፒውተሩ የጆሮ ማዳመጫ መውጫ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በሱቅ የተገዛ ካሴትንም ይመለከታል። ለራስ ማዳመጫ መገልበጥና አባዝቶ መሸጥ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛው የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ለትውልድ ይጠቅማል የሚሉት የቤት ቅጂ ያላቸው ቤተሰቦች፣ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የአገሪቱን መዛግብት የመሰብሰብና የመጠበቅ ኃላፊነት የተሰጠውን የዛሬውን የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ማነጋገር ይችላሉ።

ካሴቱ ከተቀዳ በኋላ አይጣልም፤ ወደፊት የተሻለ ማጫወቻ ሊገኝ ይችላል። ፋይሉ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱም ከቤት ውጭ ይሁን። የተናጋሪው ስም፣ ቀኑ፣ ቀበሌውና የዝግጅቱ ምክንያት ደግሞ ድምፁን ለይተው የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ተጠይቀው ከፋይሉ ጋር ይጻፉ።