የማጀት ቁም ሣጥን

በአገራችን የቆየ ልማድ ወጥ ቤት ከእልፍኝ ተለይቶ፣ ጢሱ ከእንግዳ ፊት እንዲርቅ በጓሮ በኩል ይሠራ ነበር፤ በውስጡም ዕቃ ሁሉ የየራሱ ሥፍራ ስለ ነበረው፣ እንስራው በጥጉ፣ ጎታው በግድግዳው ሥር፣ ሰፌዱና ወንፊቱ ከግድግዳው ላይ ተሰቅለው፣ ምጣዱም ከነአክንባሎው በምድጃው ላይ ሆኖ፣ ባለቤቲቱ ያለ መብራት ብትገባ እንኳ ወደምትፈልገው ዕቃ ሳትሳሳት እጇን ትዘረጋ ነበር። ይህ በመጽሐፍ ያልተጻፈ፣ ከእናት ወደ ልጅ በትውፊት የተላለፈ ሥርዓት ነው። ዛሬ በከተማ ወጥ ቤቱ ወደ ዋናው ቤት ገብቶ፣ አንዳንድ ጊዜም መካከለኛው ግድግዳ ተነሥቶለት ከሳሎኑ ጋር አንድ ሆኖ ሳለ፣ ያ ሁሉ ዕቃ ነጋዴውና አናጢው ኪችን ካቢኔት በሚሉት፣ እኔ ግን የማጀት ቁም ሣጥን ብዬ በምጠራው ነገር ውስጥ እንዲሰበሰብ ይጠበቃል።

ሐዲሱን ከብሉዩ ጋር አስማምቶ ይህን ዕቃ መምረጥ የሚሻ ሰው፣ አስቀድሞ የዕቃውን ትውልድ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ1926 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የበረታውን የቤት ችግር ለማቃለል በኤርንስት ማይ መሪነት የሠራተኞች መኖሪያ በብዛት ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች የቪየና ተወላጅ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ስፋቱ 1.9፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ብቻ የሆነ ወጥ ቤት ነደፈች። በባቡር ውስጥ ያለው ማብሰያ ክፍል በዚያ ጥበቱ ለብዙ ሰው ምግብ እንደሚያወጣ ተመልክታ፣ ከምድጃው እስከ መታጠቢያው፣ ከመታጠቢያው እስከ መደርደሪያው ያለውን እርምጃ መርምራ፣ ሣጥኑን ሁሉ ከግድግዳው ጋር አዋሐደችው። እንዲህ ያለው ወጥ ቤት በከተማይቱ ወደ 10,000 በሚደርሱ ቤቶች ተሠራ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ ለሚሸጠው ቁም ሣጥንም አባቱ እርሱ ነው። የዱቄቱን መሳቢያ ከኦክ እንጨት ያሠራችው በእንጨቱ ውስጥ ያለውን መራራ ንጥረ ነገር ነቀዝ ስለሚሸሸው ነው፤ ሰማያዊ ቀለም የቀባችውም ዝንብ ሰማያዊ አይወድም ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ ነው። ራሷ በኋላ እንደ ተናገረችው፣ ያን ወጥ ቤት እስክትነድፍ ድረስ ምግብ አብስላ የማታውቅ ሴት ነበረች፤ ነገር ግን ሠሪዎቹን በትዕግሥት ተመልክታ፣ ለክታና ቈጥራ ስለ ነበረ ሥራዋ ጸና።

እኛ ሣጥኑን ተቀበልን እንጂ ልኬታውን አልተቀበልንም፤ ይኸውም ማለት፣ እርሷ የጀርመኗን እመቤት ሥራ እንደ ለካች እኛም የራሳችንን ባለሙያ ሥራ ለክተን አናውቅም። በገበያ የሚገኘው የታችኛው ቁም ሣጥን ብዙውን ጊዜ ጥልቀቱ 60 ሳንቲሜትር፣ ከፍታው ከ85 እስከ 90 ሳንቲሜትር ነው። 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ሣጥን ደግሞ 18 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ጣውላ ሲሠራ፣ የሁለቱ ጎኖች ውፍረት ተቀንሶ የውስጥ ስፋቱ 56.4 ሳንቲሜትር ብቻ ይቀራል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከነእጀታው 60 ሳንቲሜትርን የሚያልፍ ስለሆነ በዚያ በር ሊገባ አይችልም። በአንድ ወዳጄ ቤት ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ቁም ሣጥን ግድግዳውን ሞልቶ ሳለ፣ ምጣዱ በረንዳ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ መሶቡ ከማቀዝቀዣው ራስ ላይ ተሰቅሎ፣ የጤፍ ዱቄቱም በበርሜል ሆኖ ከመኝታ ቤቱ በር ኋላ ቆሞ ነበር። ባለቤቲቱ ቤቷን ስታሳየኝ ስለ ሣጥኑ ደስ ብሏት፣ ስለ ምጣዱ ግን እንደ ማፈር ስትል አይቼ አዘንኩ፤ ጥፋቱ የምጣዱ አልነበረምና።

ስለዚህ ዘመናዊውን ከባህላዊው ጋር ማዋሐድ ማለት፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት፣ በባዕድ ሣጥን በር ላይ ሐረግ ወይም የመስቀል ቅርጽ ማስቀረጽ አይደለም። ጌጡ ደስ ያሰኛል፤ እኔም አልነቅፈውም፤ ዳሩ ግን ውሕደቱ ከሥራው ካልጀመረ ጌጡ ብቻውን ማጀቱን የእኛ አያደርገውም። የቤተ ክርስቲያናችን አባቶች የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅበትን ቤተ ልሔም ከመቅደሱ ለይተው የራሱን ቤት እንደ ሰጡት ሁሉ፣ እንጀራ መጋገርም በወጥ ቤቱ ውስጥ የተለየ ጥግ ይገባዋል። ለዚያ ጥግ በር የሌለው፣ ውስጡ 70 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ከሌላውም ገበታ ዝቅ ያለ ቦታ ማሠራት ይበቃል። የሥራ ገበታ ከታጠፈው ክንድ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ዝቅ ሲል ለሠሪው ይመቻልና፣ በ90 ሳንቲሜትር ገበታ ላይ ምጣዱ ከነእግሩ ሲጨመርበት ባለሙያዋ ሊጡን ለማዞር ትከሻዋን እያነሣች ትደክማለች። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ስለ ወጡ እውነት ነው፤ የጉልቻው ከፍታ ግን የጋጋሪዋን ወገብና ትከሻ ይጎዳል ወይም ያሳርፋል።

በጾምና በፍስክ ዕቃውን ለይቶ ለሚይዝ ቤት ደግሞ፣ ድስቱና ቢላዋው እንዳይቀላቀል ሁለት የተለያዩ ጥልቅ መሳቢያዎች ከመጀመሪያው ይታሰቡ። እዚህ ላይ ዘመናዊው ጥበብ ከጥንቱ ይበልጣል፤ መሳቢያ ተስቦ እስከ መጨረሻው ሲወጣ በስተኋላ ያለው ድስት ሳይቀር ይታያልና፣ ተንበርክኮ በጨለማ መዳበስ ቀረ። በርበሬና ሽሮ ግን ከምድጃው በላይ ባለው ሣጥን ሊቀመጡ አይገባም፤ ሙቀቱና እንፋሎቱ መዓዛቸውን ያጠፋዋልና።

ስለ እንጨቱ ጥቂት ልዘግይ። ሣጥን ሠሪዎች የሚያቀርቡት ሦስት ዓይነት ነው፤ የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ቺፑድ፣ ከደቀቀ የእንጨት ቃጫ የሚሠራው ኤም ዲ ኤፍ፣ ስስ እንጨት ተነባብሮ የሚጣበቅበት ኮምፔንሳቶ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በተቈረጡበት ጠርዝ በኩል እርጥበት ከገባባቸው ያብጣሉ፤ አብጠውም ወደ ቀድሞ መጠናቸው አይመለሱም። ምጣድ አክንባሎው በተነሣ ቁጥር የሚያወጣውን እንፋሎት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ በመታጠቢያውና በምጣዱ አጠገብ ኮምፔንሳቶ ይሁን፣ የሌላውም ጠርዝ ሁሉ፣ የማይታየው የኋላው ሳይቀር፣ በሚገባ ይሸፈን።

አገር በቀሉ እንጨት ዋንዛ፣ ለቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚፈለፈለው፣ ቀለሙ ሞቅ ያለ፣ ለመሣሪያም የሚታዘዝ ነው። ጥድ መዓዛው ያማረ፣ ምስጥም የማይደፍረው ነው። ነገር ግን እነዚህ ዛፎች ለማደግ ብዙ ዓመታት የሚፈልጉ፣ ደናቸውም እየተመናመነ የሄደ ስለሆነ፣ ሣጥኑን በሙሉ ከእነርሱ ማሠራት ለሕሊና ይከብዳል። የእኔ ምክር አካሉ ከኮምፔንሳቶ ሆኖ፣ እጅና ዓይን የሚያርፍበት በሩና መያዣው ብቻ ዋንዛ እንዲሆን ነው። ያም በር አንድ ወጥ ጣውላ አይሁን፤ እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራልና፣ መካከለኛው ገበታ በዙሪያው ካለው አቃፊ ውስጥ ሳይጣበቅ ገብቶ እንዲላወስ ሆኖ ይሠራ። ይህን የማያውቅ አናጢ የሠራው በር ሁለት ክረምት ሳይሞላው ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል።

የላይኛው ሣጥን ሁሉ በር ይኑረው የሚለውን ልማድ አልቀበልም። በሐረር የጥንት ቤቶች በዋናው ክፍል ግድግዳ ውስጥ መስኮት የሚመስሉ ማስቀመጫዎች ተጎድጉደው፣ ሳህኑና ስፌቱም በግድግዳው ላይ ተደርድሮ፣ ዕቃው ራሱ የቤቱ ጌጥ ሆኖ ይታያል። ጀበናው በማቶቱ ላይ፣ ሲኒው ከነረከቦቱ፣ ሙዳዩም በአጠገቡ ሆኖ የሚቀመጥበት አንድ ክፍት መደርደሪያ ለዚህ ይበቃል፤ ብዙ ከሆነ አቧራና የዘይት ጢስ ይሸከማል። ቀለሙን እንደየፍላጎቱ ይምረጥ፤ ከዋንዛ ጋር የማይስማማ ጥቂት ነው።

የቀረው መሶቡ ነው። እርሱ ክዳኑ ሾጣጣ፣ ወገቡም ሰፊ ስለሆነ በየትኛውም ሣጥን ቢያስገቡት ይጎዳል፤ ታፍኖ ከዋለም እርጥበት ይይዘውና ስፌቱ ይሻግታል። የሣጥኑ ተርታ በሚያበቃበት፣ ወደ ምግብ ክፍሉ በሚያሳልፈው በር አጠገብ፣ ከመታጠቢያው ርቆ አየር የሚያገኝበት ባዶ ቦታ ይተውለት፤ ያን ባዶ ቦታ ለማግኘትም ጣውላው ሳይቈረጥ፣ መሶቡንና ምጣዱን በሜትር ለክቶ ልኩን ለአናጢው ማስረከብ ያስፈልጋል።