ሊጥ ያለ ስኳርም ኩፍ ይላል

እዚህ ካኩማ ስኳር ውድ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ግን ቶሎ ያልቅ ነበር። እናቴ የስኳር ሕመም ስላለባት ሁላችንም አብረናት ቀነስን።

ሒሳቡን እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ስኳር በቀን ከ50 ግራም፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ነው። በቀን አራት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ደረሰ ማለት ነው፤ ሌላው ሳይቆጠር።

ብዙ ሰው «እርሾው እንዲሠራ ስኳር የግድ ነው» ይላል። አይደለም። ሊጡ ሲቦካ ከዱቄቱ ራሱ ስኳር ይወጣል፤ እርሾው እሱን ይመገባል። ትንሽ ጊዜ ስጡት፣ በቃ። ለጣዕም ጥቁር አዝሙድ ወይም ሄል ጨምሩበት። ማር ግን ያው ስኳር ነው። ዳቦውም ቢሆን ሆድ ሲገባ ስኳር ስለሚሆን፣ ሕመምተኛ ቁራሹን ያሳንስ።

ሻዩን በአንዴ አትቁረጡ። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። ቀረፋና ቅርንፉድ ያግዛሉ።

ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ግን አመጋገቡን ከመቀየሩ በፊት ክሊኒክ ይጠይቅ። ድንገት ካላበውና ከተንቀጠቀጠ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ መዋጥ ከቻለ ወዲያው ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት። ለዚህ ሲባል ጥቂት ስኳር ከቤት አይጥፋ።