ያለምክንያት የሚያቋርጥ የሚመስለው የፍሳሽ መከላከያ ብሬከር መንስኤው ሊለይ እንጂ መሣሪያው ሊነቀል አይገባም

በመሥሪያ ቤቶች የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሣጥን ውስጥ የሚገጠመው የፍሳሽ መከላከያ ብሬከር የሚታይ ብልሽት ሳይኖር ደጋግሞ ኃይል ሲያቋርጥ፣ መሣሪያውን አውጥቶ ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘት የሠራተኛውንና የተገልጋዩን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። መፍትሔው መንስኤውን በቅደም ተከተል መለየት ነው።

የተለመደው ብሬከር ገመዱን ከመጠን በላይ ከሆነ ጭነትና ከሾርት የሚጠብቅ ሲሆን፣ የፍሳሽ መከላከያው ግን በፌዝ ሽቦ የሄደው ኮረንት በኒውትራል ሽቦ ሙሉ በሙሉ መመለሱን ያነጻጽራል። ልዩነት ከተፈጠረ ኮረንቱ በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው አካል በኩል፣ ወደ መሬት እየፈሰሰ በመሆኑ መሣሪያው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መስመሩን ይቆርጣል። ኮረንት በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ያጠኑት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚየል እ.ኤ.አ. በ1961 የዚህ ዓይነት መሣሪያ ሠርተዋል።

ሰውን ከአደጋ ለመጠበቅ በአብዛኛው የሚመረጠው የ30 ሚሊ አምፔር መሣሪያ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ይህ መሣሪያ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ የግድ ማቋረጥ ያለበት ሲሆን፣ ከ15 ሚሊ አምፔር በላይ ሲሆንም ሊያቋርጥ ይችላል። «የሐሰት» የሚባለው ምልክት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

እያንዳንዱ ኮምፒዩተር በውስጡ ባለው ማጣሪያ አማካይነት ጤነኛ ሆኖም ቢሆን 1 ሚሊ አምፔር ያህል ወደ መሬት ሽቦ ሊያፈስ ይችላል። አሥራ ሁለት ኮምፒዩተሮች በአንድ መሣሪያ ሥር ከተገናኙ ፍሳሹ ወደ 12 ሚሊ አምፔር ይጠጋል። በዚህ ላይ እርጥበት የገባው የሻይ ማፍያ ሲሰካ ወይም ተቋርጦ የነበረው ኃይል ተመልሶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲነሱ መሣሪያው ያቋርጣል። አንድም ዕቃ ግን አልተበላሸም።

ሌላው መንስኤ የሁለት መስመሮች ኒውትራል ሽቦ መቀላቀሉ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ፍሳሽ ሳይኖር መሣሪያው ልዩነት ያነባል። በክረምት ወራት ወደ ውጭ ሶኬቶችና መብራቶች የሚገባው ውኃ እንዲሁም መብረቅ የሚፈጥረው ድንገተኛ የኃይል ግፊትም ተመሳሳይ ውጤት አላቸው።

ምርመራው የሚጀመረው ኃይሉ የተቋረጠበትን ሰዓት፣ የአየሩን ሁኔታና በወቅቱ ይሠሩ የነበሩትን ዕቃዎች በመመዝገብ ነው። ቀጥሎ በመስመሩ ላይ ያሉት ዕቃዎች በሙሉ ከሶኬት ይነቀላሉ። በማጥፊያ ማጥፋት ብቻ በቂ አይደለም፤ ዕቃው ከኒውትራልና ከመሬት ሽቦ ጋር እንደተገናኘ ሊቆይ ይችላልና።

ከዚያም መሣሪያው ተነሥቶ ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ይሰካሉ። አንድ ዕቃ በተሰካ ቁጥር ካቋረጠ ችግሩ ያለው በዕቃው ላይ ነው። የትኛውም ዕቃ ለብቻው ሳያቋርጥ ብዛታቸው ሲጨምር ብቻ የሚያቋርጥ ከሆነ መንስኤው የፍሳሽ መደማመር ነው። ሁሉም ተነቅለው እያለም ካቋረጠ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ወይም መሣሪያው ራሱ መፈተሽ ይኖርበታል።

ይህ የመጨረሻው ሥራ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ላለው ባለሙያ የሚተው ነው። ባለሙያው ፌዙንና ኒውትራሉን በአንድነት በሚያቅፍ መለኪያ የዘወትር ፍሳሹን ይለካል። መጠኑ ከመሣሪያው አቅም 30 በመቶ፣ ማለትም ከ9 ሚሊ አምፔር እንዳይበልጥ ይመከራል። ከበለጠ መስመሩ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መከላከያ እንዲኖረው ይደረጋል። መሣሪያው ከ15 ሚሊ አምፔር በታች የሚያቋርጥ ሆኖ ከተገኘ ግን ይለወጣል።

በግዢ ወቅትም ለኮምፒዩተር ክፍሎች «ኤሲ» ከሚባለው ይልቅ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን የፍሳሽ ዓይነት ጭምር የሚለየውን «ኤ» የተባለውን ዓይነት በዝርዝር መግለጫው ላይ ማስፈር ተገቢ ነው።

መስመሩን መከፋፈል ወጪ የሚጠይቅ ቢሆንም በተደጋጋሚ የሚቋረጠውን አገልግሎት ያስቀራል። መከላከያው የተነቀለበት መስመር ግን ሥራውን ሳያቋርጥ ይቀጥል እንጂ፣ ኮረንት የያዘ የብረት ዕቃ የነካን ሰው የሚያድን ምንም ነገር አይኖረውም።